እማኝ ያልተለያት ኳስ፦ ከራያን ዚመርማን የመጨረሻ ዓመት

ኦገስት 8፣ 2021

በጨዋታ ላይ የዋለ አንድ የቤዝቦል ዕቃ ፍለጋዬን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እጽፋለሁ። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ጨዋታውም መዝገቡም ጨረታውም በዚያ ስለሚሄድ።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከናሽናልስ ፓርክ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ነው። ጨዋታ ባለበት ምሽት ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው በፊቴ ሲጎርፍ ስንት ዓመት ሆነው። ከዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ ማሊያው የማይጠፋው የ11 ቁጥሩ የራያን ዚመርማን ነው። ቤዝቦል የማያይ ዘመድ ይህን ካነበበ ሰውየው ማን እንደሆነ በአጭሩ ልንገረው። ቡድኑ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን በመጣበት በ2005 ከወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ቀድሞ የወሰደው እሱን ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ሜዳ ገባ፤ እስከ ዛሬ የሌላ ቡድን ማሊያ አላጠለቀም። ስታዲየሙ በተመረቀበት ምሽት፣ ማርች 30፣ 2008፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ሆምራን፣ ማለትም ከአጥር ማዶ የሚያልፍ ምት፣ መትቶ አትላንታን 3 ለ 2 የሸኘው እሱ ነው። በ2019 የሊጉ የፍጻሜ ውድድር በሆነው ወርልድ ሲሪስ የዋሽንግተንን የመጀመሪያ ሆምራን የመታውም እሱ፤ ያውም ከሂዩስተኑ ኮከብ ወርዋሪ ከጌሪት ኮል ላይ። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ግን እናቱ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኛ ስለሆኑ በሽታውን ቤት እንዳያስገባባቸው ብሎ ሳይጫወት ቀረ። ያን ክረምት እኔም ባዶ ጋራዥ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት፤ ውሳኔውን ስሰማ ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት።

ባለፈው ወር መጨረሻ ክለቡ ተጫዋቾቹን በተነ። ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ካይል ሽዋርበር ወደ ቦስተን ሄዱ። ዚመርማን ቀረ። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ዕድሜው 37 ሊሞላ ነው። ጫማዬን እሰቅላለሁ ብሎ ባይናገርም ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል።

እና የወሰንኩት ይህ ነው፦ ከዚህ ዓመት፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለ በጨዋታ ውስጥ የነበረ አንድ ዕቃ አገኛለሁ። ልጄም የሚጫወተው እንደ እሱ ፈርስት ቤዝ፣ የሜዳውን የመጀመሪያ ማዕዘን ጠባቂ ሆኖ ነው። ለዚህ ሥራ የመደብኩት 600 ዶላር ነው። ባለቤቴ ሰምታ ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ፈቃድ ነው።

ኦገስት 29

የመጀመሪያው ግዢ ከሸፈ። ሳልደብቅ ልጻፈው።

ኢንተርኔት ላይ የዚመርማን ፊርማ ያለባት ኳስ በ85 ዶላር አገኘሁና ገዛሁ። አብሯት ወርቃማ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት መጣ። ደስ ብሎኝ ማታውኑ መብራት ስር አስቀመጥኳት። በሦስተኛው ቀን የልብስ ሰፊውን ጓደኛዬን ማጉያ መነጽር ተውሼ አየኋት። ሰው ስሙን ሲፈርም እጁ ይሮጣል፤ ቀለሙ ሲነሳ ይቀጥናል፣ ሲያርፍም ይቀጥናል። የእኔዋ ላይ ግን በየፊደሉ መነሻና መድረሻ ቀለሙ ነጥብ ሠርቶ ተቀምጧል። ብዕሩ ቆሟል ማለት ነው። ሰውየው የፈረመ ሳይሆን ፊርማ የሣለ ነው። የተረጋገጡ የዚመርማን ፊርማዎችን ፎቶ ሰብስቤ ጎን ለጎን ሳስተያይ የ‹ዚ›ዋ አጣጣልም ሌላ ሆነ። ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ደግሞ የሚጣራበት ቁጥር የለውም፤ «እውነተኛ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል እንጂ ማን፣ መቼ፣ የት እንዳየ አይናገርም። ሻጩ ገንዘቤን አልመልስም ብሏል።

አገር ቤት አባቴ ቤት ሲሸጥ ውል ላይ የተቀመጡት እማኞች ትዝ አሉኝ። ገንዘቡ ሲቆጠር ዓይናቸው ከብሩ ላይ አልተነሳም። አንዱ ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ ቆጠራው እንደገና ተጀመረ። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ምን ያጓትታቸዋል ብዬ ነበር። ይህችን ኳስ ሳይ ገባኝ፤ ወረቀቱ አለ፣ እማኝ ግን የለም።

ማታ ማታ ስለዚሁ ሳነብ ሰነበትኩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍቢአይ ‹ኦፐሬሽን ቡልፐን› በሚል ስም የሐሰት ፊርማ የሚያመርቱ መረቦችን አሳድዶ ነበር። ዋናው የቤዝቦል ሊግ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በየጨዋታው ቢያንስ አንድ አረጋጋጭ ይመደባል። አረጋጋጮቹ በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ ፖሊሶችና መርማሪዎች ናቸው፤ ማስረጃ አያያዝ የለመዱ ሰዎች። ዕቃው ከሜዳ ሲወጣ በዓይናቸው ተከትለው ይቀበላሉ፣ ሆሎግራም የሚሉትን የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይለጥፋሉ፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ተለጣፊው ላይ ሁለት ፊደልና ስድስት አኃዝ አለ፤ ያንን ቁጥር ሊጉ ድረ ገጽ ላይ ያስገባ ሁሉ መዝገቡን ያያል። ሊላጥ ሲሞከር ይቆራረጣል፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይዛወርም።

ከእንግዲህ ያለዚያ ቁጥር ምንም አልገዛም። ፊርማም አልፈልግም።

ሴፕቴምበር 19

ዛሬ ከልጄ ጋር ስታዲየም የሄድነው ጨዋታውን ለማየት ብቻ አልነበረም፤ አረጋጋጩን ለማየት ነበር። ቦታችን ከተጫዋቾቹ መቀመጫ ጎን፣ ከላይ በኩል ነው። ሦስት ኢኒንግ ፈጀብን እንጂ ለየነው፤ ሁሉም ሰው መቺውን ሲያይ እሱ የሚያየው ኳሷን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተወረወረች ኳስ አፈር ስትነካ ዳኛው ይለውጣታል። አሮጌዋ ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ ትወረወራለች፣ ኳስ አቀባዩ ልጅ ያነሳታል፣ ለአረጋጋጩ ይሰጠዋል። ሰውየው ወዲያው ይለጥፋል፣ ይጽፋል። አንዴ ሁለት ኳሶች በተከታታይ መጡ። አንዷ ተንከባልላ ሌሎች ኳሶች ካሉበት ባልዲ አጠገብ ቆመች፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ አንስቶ አቀረበለት። አረጋጋጩ ራሱን ነቀነቀና መለሳት። ልክ እሷ ልትሆን ትችላለች፤ ምናልባትም ነበረች። ግን ለአፍታ ከዓይኑ ተሰውራለች፣ ስለዚህ አልመሰከረላትም።

ልጄ «አባዬ፣ እኛ እኮ አይተናታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛ ከላይ ሆነን አይተናታል። ምስክርነቱ ግን የእሱ ነው፤ እሱ ካላየ የለም።

ለዚህ ነው ተመልካች መሐል የገባች ኳስ በተለምዶ ተለጣፊ የማታገኘው። ቀልበህ በእጅህ ይዘሃት፣ ጎረቤቶችህ ሁሉ እያዩህም ቢሆን፣ በሰው እጅ መሐል ስታልፍ ተለውጣ ይሆናል። ይህን ሕግ መጀመሪያ ስሰማ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያቺን ኳስ ሲመልስ ካየሁት በኋላ ግን በሰውየው ተማመንኩ።

ኦክቶበር 3

በእኛ መስከረም 23 መሆኑ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር። ፈረቃዬን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ ከልጄ ጋር ገባን።

ስታዲየሙ ግማሹ የቦስተን ደጋፊ ነበር፤ ካሸነፉ ለጥሎ ማለፉ ያልፋሉ። ለእኛ ቡድን ጨዋታው ምንም አይለውጥም። ቢሆንም ዚመርማን ሊመታ በወጣ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ይነሳል። የቦስተኖቹ ወርዋሪ ክሪስ ሴል ነው። የእኛ ደግሞ ጆአን አዶን የሚባል፣ ከዚያ ቀን በፊት በዋናው ሊግ አንድም ኳስ ወርውሮ የማያውቅ ወጣት ዶሚኒካዊ። ልጄ ኮከቡን ሲያይ እኔ ዓይኔ ወደዚህ ልጅ ይሄድ ነበር። ከኋላው፣ በስተግራው በኩል፣ ፈርስት ቤዝ ላይ 11 ቁጥሩ ቆሟል። አንዱ የመጀመሪያ ቀኑ፣ ሌላው ምናልባት የመጨረሻው።

በስምንተኛው ኢኒንግ አሰልጣኙ ዚመርማንን ቀየረው። ጨዋታው ቆመ። ጓደኞቹን አንድ በአንድ እያቀፈ፣ ኮፍያውን እያነሳ፣ ዓይኑን እየጠረገ ወጣ። የቦስተን ተጫዋቾችም አጨበጨቡ፤ ከጎናችን የነበሩት የቦስተን ማሊያ የለበሱ ሽማግሌም ብድግ አሉ። እኔ ጭብጨባው መሐል ሆኜ አረጋጋጩን ፈለግኩት። ቁልቁል እየጻፈ ነበር።

ራፋኤል ዴቨርስ በዘጠነኛው ሆምራን መትቶ ቦስተን 7 ለ 5 አሸነፈ። ወደ ሜትሮ ስንሄድ ልጄ አልተናገረም፤ እኔም አላስቸገርኩትም።

ኦክቶበር 24

የሊጉ ጨረታ ላይ ዚመርማን በዚህ ዓመት የለበሰው ማሊያ ወጥቷል። ሦስት ሌሊት ሙሉ ፎቶ ሳስተያይ አደርኩ። ተለጣፊው የአንድ ጨዋታ ቀን ይናገራል፤ እኔ ግን ሌላ ቀንም ለብሶት እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። እዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ፎቶ ማዛመድ ይሉታል።

ማሊያ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቁጥርና ፊደል ሲሰፋ መርፌው በሚሊሜትር ይሳሳታል። የቁጥሩ ጠርዝ ከቁልፉ በላይ ነው ወይስ በታች? ደረቱ ላይ ያለችው የክለቡ ምልክት የ‹ደብልዩ›ዋ ጅራት የደረት ስፌቱን የት ላይ ታቋርጠዋለች? እነዚህን ሁለቱን ለይቼ ያዝኩና ከፎቶ ኤጀንሲዎች ገጽ ላይ የበጋውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ተመለከትኩ። እጁን ወደ ላይ ካነሳ ጨርቁ ይሸበሸባልና አይጠቅምም፤ ቀጥ ብሎ የቆመበት ያስፈልጋል። ከአርባ በላይ ፎቶ አይቼ አንዱ ገጠመ፤ ጠርዙም ጅራቷም ልክ ናቸው። ሁለተኛ ልክ የመሰለኝን ግን ስፌቱ ላይ ጥላ ስላጠላበት ጣልኩት። መሰለኝ ብሎ መቁጠር ያንን ወረቀት ከሸጠልኝ ሰው ጋር አንድ ያደርገኛል።

ጨረታውን አላገኘሁትም። እስከ 500 ሄድኩና ቆምኩ፤ ከኔ በኋላ ብዙ ከፍ ብሎ ተዘጋ። አዝኛለሁ። የሦስት ሌሊቱን ሥራ ግን የወሰደብኝ የለም፤ ማሊያ እንዴት እንደሚነበብ አሁን አውቃለሁ።

ኖቬምበር 6

ተገኘች!

ከመጨረሻው ጨዋታ የወጡ ኳሶች ለሽያጭ ቀርበው ሳይ የዚመርማን ስም ያለባቸው ሁሉ ከአቅሜ በላይ ናቸው፤ እሱ ሊመታት የተወረወረች አንዲት ኳስ ብቻ ከማሊያው ጨረታዬ ትበልጣለች። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ ግን ስሙ የሌለባቸው አሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያለ፣ ማንም ያልነካቸው። አንዷን ከፈትኳት። ቀን፦ ኦክቶበር 3፣ 2021። ወርዋሪ፦ ጆአን አዶን። የቦስተን መቺ። ኳሷ አፈር ነክታ ተለወጠች።

ሁለቴ አነበብኩት። ኢኒንጉ ዚመርማን ገና ከመቀየሩ በፊት ነው። ይህች ኳስ ከአዶን እጅ ስትወጣ ዚመርማን ፈርስት ቤዝ ላይ ጓንቱን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እሷን እያየ ነበር። መዝገቡ ወርዋሪና መቺን ብቻ ስለሚጽፍ እሱን አልጠቀሰውም። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ፤ የት እንደቆመ አይቻለሁ።

95 ዶላር።

ኖቬምበር 13

ደረሰች። እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ ቁጥሩን አስገባሁ። መዝገቡ ወጣ፤ ከሻጩ ጽሑፍ ጋር አንድ ነው። ከዚያ ኳሷን ማየት ጀመርኩ። ቀይ ክሯ በ108 ድርብ ስፌት ሁለቱን የቆዳ ቁራጮች ያያይዛል። የሊጉ ኮሚሽነር የሮብ ማንፍሬድ ፊርማ ታትሞባታል። ነጭ ብትባልም ነጭ አይደለችም፤ ሻይ የነካው ወረቀት ትመስላለች። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ከጨዋታ በፊት እያንዳንዷ ኳስ ከኒው ጀርዚ በኩል ካለ የደላዌር ወንዝ ገባር በሚወጣ ጭቃ ትታሻለች፤ ማለስለሻው ተገፎ ለወርዋሪው ጣት እንድትይዝ።

የእኔዋ ከዚያ ሌላ የራሷ ምልክት አላት። ከስፌቱ አጠገብ አውራ ጣት የሚያህል፣ ወደ አንድ ጎን የተሳበ ቡናማ ጭረት አለ። አፈሩ እዚያ ነው የነካት። በማጉያው ሳየው ሦስት ጥቃቅን ቀያይ የአፈር ቅንጣቶች ክሩ ስር ገብተው ቀርተዋል። ልጄ ሊነካው ጣቱን ዘረጋ። «ቆይ» ስለው እጁን መለሰና ትንፋሹን ይዞ ዓይኑን አስጠጋ።

አትጸዳም። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ትልቁ ስህተት ማጽዳት ነው። ማሊያ አይታጠብም፣ የመምቻ ዱላ ሙጫ አይፋቅም፣ ኳስ አትጠረግም። አፈሩ ከሄደ የሚቀረው ሱቅ ያለው ነው።

ዲሴምበር 5

ከሐሙስ ጀምሮ የክለብ ባለቤቶች በሥራ ውል ስላልተስማሙ ተጫዋቾቹን ከሥራ ዘግተውባቸዋል። ከሊጉ ድረ ገጽ የተጫዋቾች ፎቶ ተነስቶ በቦታው ባዶ ጥላ ተቀምጧል። የኳሴን መዝገብ ሄጄ አየሁት፤ አለ። ቢሆንም ገጹን በወረቀት አትሜ ከደረሰኙ ጋር አኖርኩት። መዝገብ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ፌብሩዋሪ 15፣ 2022

ዛሬ ዚመርማን ጫማውን ሰቀለ። በይፋ።

16 የውድድር ዓመት፣ 284 ሆምራን፤ ከነዚህ 11ዱ ጨዋታውን እዚያው የጨረሱ። ሁሉም በአንድ ከተማ ማሊያ። ጋራዥ ውስጥ በስልኬ አንብቤ ለደንበኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው፤ የማላውቃቸው ሰዎች መኪናቸውን አቁመው አብረውኝ አወሩ። ማታ ለማየት ያህል የመጨረሻውን ቀን ኳሶች ዋጋ ፈለግኩ። ስሙ የሌለባቸውም ወደ ላይ ወጥተዋል። እኔ የምሸጥ ስላልሆንኩ ዋጋው አያገባኝም፤ የደስታዬ ምክንያት ሌላ ነው። ኦክቶበር ላይ ‹ምናልባት› ያልኩት ቃል ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል።

ኤፕሪል 17

ሣጥኑን ራሴ ለመሥራት ወስኛለሁ። የሱቁ የፕላስቲክ ኩብ ይበቃል፤ ጥሩው ጸሐይ የሚያግድ ነው። ለዚህች ግን በእጄ የሠራሁት ቤት ይገባታል።

ወለሉና ጀርባው ደረቅ የዋልነት እንጨት፣ ፊቱ አልትራቫዮሌት የሚከላከል አክሪሊክ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ። ኦክ እንጨት ነበረኝ፤ ተውኩት። ኦክ በተዘጋ ቦታ አሲድ ይተነፍሳል፣ ቆዳና ወረቀት ይጎዳል። ዋልነቱንም ቢሆን ዘይት ከቀባሁት በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ሦስት ሳምንት በረንዳ ላይ አስጥቼዋለሁ።

ዛሬ አንድ ጥፋት ደረሰ። የአክሪሊኩን ማዕዘን በፈጣን ማጣበቂያ ያያዝኩት ጊዜ የማጣበቂያው ትነት ፊቱን ጉም አለበሰው። በጨርቅ አይጠፋም፤ ቁሱ ላይ ደርቋል። 30 ዶላር የሚያወጣ ቁራጭ ጠፋ። ደግነቱ ኳሷ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረችም፤ ብትኖር ትነቱ ሆሎግራሙንም ቆዳውንም ይይዝ ነበር። አዲሱን ያለ ማጣበቂያ፣ በእንጨቱ ላይ ቦይ ቆፍሬ አንሸራትቼ አስገባዋለሁ። ቦዩ 3 ሚሊሜትር፣ አክሪሊኩ 2.8።

ሜይ 22

ቦዩ ገጠመ። ቀጥሎ ያስቸገረኝ በየት በኩል ትታይ የሚለው ነው። ጭረቱና ሆሎግራሙ ተቃራኒ ጎን ናቸው። ሆሎግራሙን ወደ ፊት ካዞርኩ አፈሩ ይደበቃል፣ አፈሩን ካዞርኩ ማስረጃው ይደበቃል። ልጄ «አፈሩ ይታይ» አለ። ባለቤቴ «ቁጥሩ ካልታየ ማን ያምናችኋል» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ከኋላዋ ትንሽ መስታወት ማቆም ነው፤ አፈሩ በፊት፣ ቁጥሩ በመስታወት። ቁጥሩ በመስታወት ተገልብጦ እንዳይነበብ ሁለት መስታወት በማዕዘን አጋጥሜ ሞከርኩ፤ ቀና ብሎ ታየ።

ጁን 18

ዛሬ የዋሽንግተን ናሽናልስ 11 ቁጥርን ለዘለዓለም ከማሊያ አነሱ። ክለቡ እዚህ ከተማ ከመጣ ወዲህ ይህን ክብር ለራሱ ተጫዋች ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ሰኔ 11 ነው። ቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ሳየው ልጄን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት፤ የሆነ ሆኖ ይህን ማንም አያውቅም፣ የእኛ ብቻ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ ተመልሰን ማታ ኳሷን አስገባናት። የዋልነቱን መቀመጫ ትንሽ ጎድጎድ አድርጌዋለሁ፤ ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር ትቆማለች። አክሪሊኩን አንሸራተትኩ። መስታወቱ ጥቂት ዘንበል ስላለ የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ አይታይም ነበር። ልጄ የወረቀት ቁራጭ አጥፎ ከታች ሸጎጠለት፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሌላ አንድ እጥፍ ጨመረ። ከዚያ ሁለቱን ፊደልና ስድስቱን አኃዝ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እኔ ከታተመው ወረቀት ላይ አንድ በአንድ አመሳከርኩ።